ሳጥኑ ለእኔ፣ ጡሩምባው ለሙስጠፋ

ሆሳዕና፣ ጥር 4 ቀን 1964 ዓ.ም.

ዛሬ የሀሰን ንብረት ተከፈለ። ባሌ የሞተብኝ፣ በዒዳ፣ በአራት ወር ከአሥር ቀኑ ሐዘን ላይ ያለሁ ሴት ነኝና ወንዶቹ ፊት አልወጣሁም። ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጬ ሰማሁ።

በቤቱና በከብቱ ላይ ብዙ አልተከራከሩም። ነገር የመጣው ድምፅ ማጉያው ላይ ሲደርሱ ነው። ሀሰን ያንን እቃ ከአዲስ አበባ ካመጣው ወዲህ በሆሳዕና ዙሪያ ሠርግም፣ መውሊድም፣ የመንግሥት በዓልም ያለ እሱ ተደርጎ አያውቅም። ሌሞ ገጠር ድረስ በጋሪ ጭነን ሄደናል። ጭነን የምለው አብሬው ስለነበርኩ ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለተማርኩ በማጉያው ሳጥን ላይ ያለውን ጽሑፍ ያስነብበኝ፣ ሽቦ ያስይዘኝ ነበር። ሰው ከመሰብሰቡ በፊት ማይክራፎኑ ላይ "አንድ፣ ሁለት" የምለው እኔ ነበርኩ።

ሐጂ ኑሪ የሽማግሌዎቹ አለቃ ናቸው። "እቃው ምን ምን ነው?" ብለው ጠየቁ።

የሀሰን ታናሽ ወንድም ሙስጠፋ ዘረዘረላቸው፤ ማይክራፎኑ፣ ማጉያው ሳጥን፣ ሁለቱ ጡሩምባዎች፣ ሽቦው፣ ባትሪው።

"መልካም። ሳጥኑና ማይክራፎኑ ለእሷ ይሁን። ጡሩምባዎቹና ሽቦው ከነባትሪው ለአንተ። ማንም አልተበደለም።"

ዱዓ አደረጉና ተነሡ።

ማንም አልተበደለም! ማይክራፎኑ የሰውን ድምፅ ተቀብሎ ቀጭን ኤሌክትሪክ ያደርገዋል። ሳጥኑ ቀጭኑን ያወፍረዋል፤ ለዚያም ጉልበቱን ከባትሪው ይወስዳል። ሽቦው ተሸክሞ ይሄዳል። ጡሩምባው መልሶ ድምፅ አድርጎ ለሰው ይሰጠዋል። አንዱ ከጎደለ የቀረው ቆርቆሮ ነው። ሙስጠፋ ይህንን አሳምሮ ያውቃል፤ አፉን ዘግቶ ተቀበለ። እኔም ዝም አልኩ። የእኔ ዝምታ ግን ሌላ ነው። መጋረጃ ውስጥ ያለች ሴት ምን ትናገራለች?

ጥር 9

አማቴ አሚና ከጎረቤት ጋር ስታወራ በግድግዳው በኩል ሰማሁ። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፤ እንድሰማ ፈልጋ ነው።

"ሳጥኑን ታቅፋ ትቀመጥ" አለች በሀዲይኛ። "ሳጥን ብቻውን ሲጮህ ማን ሰምቷል? ዒዳዋ ያብቃ። ሙስጠፋ ሚስት አድርጎ ይወርሳታል፤ ያን ጊዜ እሷም ሳጥኑም አንድ ላይ ይገባሉ።"

ሴትዮዋ ሳቀች። ማን እንደሆነች አውቄያታለሁ። አልረሳትም።

ሳጥኑን ከአልጋዬ ሥር አስገብቼ በጋቢ ሸፈንኩት።

ጥር 13

ሙስጠፋ አጥሩ ጋ መጥቶ ቆመ። ግቢያችን አንድ ነው፤ በመካከል ያለው አጥር እንሰት ብቻ ነው።

"ለዐረፋ ሰላት ሜዳው ላይ ሳጥኑን እፈልጋለሁ" አለ።

"እንደምን አደርሽ አይባልም?"

"እንደምን አደርሽ። ሳጥኑን እፈልጋለሁ።"

"ጡሩምባዎቹን አምጣና እኔ ቤት ይቀመጡ። ያን ጊዜ ሁሉንም እኔ ልስጥህ።"

ፊቱ ጠቆረ። "የወንድሜን እቃ ከአንቺ በልመና ልወስድ?"

"የባሌን እቃ ከአንተ በልመና ልጠብቅ?"

ሊሄድ ዞረና መልሶ ቆመ። "ጡሩምባ ሳይገጠም ሳጥኑን እንዳታበሪው። ውስጡ ይቃጠላል።"

ምንም የማላውቅ አድርጎኝ! ሀሰን እንዲህ ያለ ነገር ነግሮኝ አያውቅም። ሊያስፈራራኝ ነው።

ጥር 15

ፋጡማ ወተት አመጣችልኝ። የሙስጠፋ ሚስት ናት፤ ልጅዋ መኪያ እግርዋ ሥር እየተሽከረከረች መጣች። መኪያ የሀሰንን ማይክራፎን ትወድ ነበር፤ አፏን ለጥፋ ትተነፍስበትና ትስቅ ነበር።

ፋጡማ ብዙ ቆየች። መጨረሻ ላይ ዓይንዋን መሬት ላይ ተክላ "ሙስጠፋ ሊወርስሽ ነው ይባላል። አንቺ ምን ትያለሽ?" አለችኝ።

"ባልሽን ጠይቂው" አልኳት።

ዕቃዋን ይዛ ሄደች። አልፈልገውም ብላት ምን ነበረበት? ግን እኔስ ለምን እመልሳለሁ? የሚጠየቀው እሱ ነው።

ጥር 18

ትናንት ዐረፋ ነበር። ሙስጠፋ ከአላባ ሳጥን ተውሶ መጣ። ትንሽ ነገር፣ ለቤት ሙዚቃ የተሠራ። በሀሰን ጡሩምባዎች ላይ ገጠመው።

ከቤቴ ሆኜ ሰማሁ። ኢማሙ ማሰሮ ውስጥ ገብተው የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። ከዚያ መንጫጫት፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ መንጫጫት። ሳጥንና ጡሩምባ ዝም ብሎ አይጋባም። ጡሩምባው የሚሸከመው ልክ አለው፤ ሳጥኑ የሚሰጠውም ልክ አለው። ሀሰን ሁለቱን ለማስማማት አዲስ አበባ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ነው የመረጠው።

ጎረቤት መጥታ "ጅብ ነው የመሰለው፤ ሰው ሳቀበት" አለችኝ።

ደስ አለኝ። ዐረፋ ቀን በዚህ ደስ ማለት ኃጢአት ከሆነ ይሁን።

ፋጡማ እናትዋ ታመውባት መኪያን ይዛ ቦኖሻ ሄደች። አልተሰናበተችኝም።

ጥር 26

ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት አቶ ወንዳፈረው መጡ። የሰሜን ሰው ናቸው፤ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ በር ላይ ቆመው ተናገሩኝ። የፈንጣጣ ክትባት ቦኖሻ ገበያ ላይ ሊሰጥ ነው። ሰዉ ከሩቅ እንዲሰማ ድምፅ ማጉያው ያስፈልጋል።

"ሙስጠፋ የራሱን ልስጥ ብሏል" አሉኝ። "አንቺስ?"

"እኔ ይዤው ልሂድ። የማሠራው እኔ ነኝ።"

ሳቁ። "አንቺ? ሀዘን ላይ አይደለሽም እንዴ?"

አማቴ ከጓሮ ሰምታ እየጮኸች መጣች። ዒዳ ላይ ያለች ሴት ገበያ ልትወጣ፣ የልጄ አፈር ሳይደርቅ፣ ምን ዓይነት ዘመን መጣ። አቶ ወንዳፈረው ተሸማቀው "ግድ የለም፣ ግድ የለም" እያሉ ወጡ።

እንግዲህ ዒዳዬን አክብሪ ተብያለሁ፤ አከብራለሁ። ሳጥኑን እልካለሁ። እኔ አልሄድም።

የካቲት 2

ክትባቱን የሚሰጠው የክሊኒኩ ድሬሰር ማቴዎስ ሳጥኑንና ማይክራፎኑን ሊወስድ መጣ። የከምባታ ልጅ ነው፣ ትሑት፣ ከክሊኒክ ውጭ ምንም የማያውቅ።

"እህቴ፣ እንዴት ነው የሚሠራው?" አለኝ።

"ሙስጠፋ ያውቃል።"

"እሱም ጀሚላ ታውቃለች አለኝ። ጡሩምባዎቹን ሰጠኝና እኔ ሥራ አለኝ ብሎ ወደ ሾኔ ሄደ።"

ስለዚህ እሱም እቃውን ብቻ ላከ። እንግዲያ እኔስ?

ቀዩን ሽቦ ቀዩ ላይ፣ ጥቁሩን ጥቁሩ ላይ ግጠም አልኩት። ሌላውን አልጠየቀኝም።

የካቲት 4

ቸኩዬ ነው የምጽፈው። ከቦኖሻ ወሬ መጣ። ሰው ሮጧል ይላሉ። በቅሎ ደንብራ አንዲት አሮጊት ረግጣለች። ድምፁ ነው ይላሉ። ምን ድምፅ?

የካቲት 5

ማቴዎስ እቃውን መለሰ። አንዱ ጡሩምባ ጠርዙ ተጣሟል፤ በመጀመሪያ ሙስጠፋ ቤት አራገፈ፣ ቀጥሎ እኔ ጋ መጣ። እንደዚያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም።

"ማይክራፎኑን ይዤ ሰዉ መሀል ገባሁ" አለኝ። "ጡሩምባው ከፊቴ ነበር። አፌን ስከፍት ያ ነገር ጮኸ። እንደ ሰው አይደለም የጮኸው፤ የጆሮ ታምቡር የሚበጥስ ፉጨት ነው። ከብት ፈረጠጠ። ሴቶች ልጆቻቸውን እየነጠቁ ሮጡ። ልዘጋው ስሞክር ባትሪው አለቀና እልም አለ። ያን ጊዜ ደግሞ 'ጂኑ ወደ መርፌው ገባ' አሉ። የከተብኩት ሰው በእጅ ጣት የሚቆጠር ነው።"

ማይክራፎን ከጡሩምባ ፊት አይቆምም። ጡሩምባው የተናገረውን ማይክራፎኑ ይሰማና መልሶ ለሳጥኑ ያቀብላል፤ ሳጥኑ አጉልቶ ለጡሩምባው፤ ጡሩምባው እንደገና ለማይክራፎኑ። ሲዞር ሲዞር ጩኸት ይሆናል። ስለዚህ ጡሩምባው ከፊት፣ ማይክራፎኑ ከኋላ ነው የሚሆነው። ይህን ማንም ያውቃል።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቅከኝም።"

"እናንተ ተጣላችሁ" አለ። "የሚሞተው ግን የቦኖሻ ሰው ነው።"

ለእኔ እንዲህ ይለኛል! ባትሪውን ሳይሞላ የላከው ማን ነው? እኔ ነኝ? ባትሪው የማን ድርሻ ነው?

የካቲት 10

ሳጥኑን አበላሽተውብኝ እንደሆነ ማየት ነበረብኝ። ከጎረቤት የጭነት መኪና ባትሪ ተዋስኩ። አገናኘሁ። ውስጡ ያሉት አምፖሎች ቀይ ሆኑ፤ ደኅና ነው ብዬ ደስ አለኝ። ማይክራፎኑ ላይ "አንድ፣ ሁለት" አልኩ። ጡሩምባ ስለሌለ ድምፅ እንደማይወጣ አውቃለሁ። ቢሆንም አልኩ። ሌላም ትንሽ አወራሁ።

ሸተተኝ።

የተቃጠለ ቀለም የመሰለ ሽታ። ነቀልኩት። ጭሱ ከኋላው ወጣ።

የካቲት 11

ማቴዎስ ነው ያበላሸው። ቦኖሻ ላይ ሲጮህ ነው የተጎዳው። እኔ ጋ ሲመጣ አልቆ ነበር።

ሀሰን አንድ ጊዜ በትውልድ ከተማዬ በሾኔ ጡሩምባውን ሳይገጥም ላበራው ስል እጄን ይዞኝ ነበር። ለምን እንደያዘኝ ነግሮኝ ይሆናል። ሳጥኑ የሚያወጣው ጉልበት መሄጃ ካጣ ተመልሶ ራሱን ይበላል፣ ያለኝ ይመስለኛል። በደንብ አላስታውስም።

የካቲት 21

ፈንጣጣ ቦኖሻ ገብቷል። ገበያ የሚመጡት ሁሉ የሚያወሩት እሱን ነው። ከቦኖሻ በኩል ያለ ገጠር ነው፣ ከተማው አይደለም ይላሉ። ሌላው ደግሞ ከተማውም ነው ይላል።

ዛሬ አማቴ ከቦኖሻ የሚመጣውን ሁሉ እያስቆመች ስለ ፋጡማና ስለ መኪያ ትጠይቃለች።

የካቲት 24

መኪያ ታመመች። ሰውነትዋ ላይ ሁሉ ወጥቶባታል። ሙስጠፋ ሌሊቱን የጭነት መኪናውን ይዞ ቦኖሻ ሄዷል።

አማቴ ግቢው መሀል መሬት ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ነው። ልወጣና ላቅፋት ነበር። አንገቷን ቀና አድርጋ ስታየኝ ተመለስኩ።

የካቲት 25

የሰማሁትን እጽፋለሁ። ፋጡማ ያን ዕለት ገበያ ላይ ነበረች። መኪያን ልታስከትብ አዝላት ወረፋ ይዛ ነበር። ጩኸቱ ሲመጣ ከሰዉ ጋር ሮጠች።

ይህን የነገረችኝ ጎረቤቴ እየነገረችኝ ፊቴን ታያለች። ምን ልታገኝ ነው የምታየው?

ልጆች ከተከተቡም በኋላ ይታመማሉ። ማቴዎስን ብጠይቀው እንዲህ ይለኛል። አልጠይቀውም።

የካቲት 27

ዒዳዬ አበቃ። ገላዬን ታጠብኩ፣ ልብሴን ቀየርኩ፣ ወደ ውጭ ወጣሁ። ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ። ማንም እንኳን ለዚህ አበቃሽ አላለኝም።

መጋቢት 2

ሽማግሌዎቹ አማቴ ጠርታቸው መጡ። መኪያ ከሞት ተርፋለች፤ ፋጡማ ገና ቦኖሻ ናት፤ አማቴ ግን የውርሱ ነገር አያድርም ብላለች።

ዛሬ መጋረጃ ውስጥ አልገባሁም። በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። አልፈልግም ለማለት አፌን አዘጋጅቼ ነበር። ቃሉን ከጠዋት ጀምሮ ስለማመደው ነበር።

ሐጂ ኑሪ "እንግዲህ ሙስጠፋ፣ የወንድምህ ቤት ባዶ እንዳይሆን" ብለው ሲጀምሩ አቋረጣቸው። ሽማግሌ አቋርጦ አያውቅም።

"አልወርሳትም" አለ። "ይህችን ሴት ቤቴ አላስገባም። ሳጥኗን ይዛ ትኑር።"

አማቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ሐጂ ኑሪ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺስ ልጄ?"

"እኔም አልፈልግም" አልኩ። ግን ከእሱ በኋላ ስለሆነ እንደ ማስተባበያ ነው የተሰማው።

የፈለግኩት ሆነልኝ። ደስ ብሎኛል። ቀኑን ሙሉ የተኛሁት ራሴን ስላመመኝ ነው።

መጋቢት 9

አቶ ወንዳፈረው ተመለሱ። ቦኖሻ ላይ ሁለተኛ ክትባት ሊደረግ ነው። አሁን ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ንግግራቸው ግን ደረቅ ነበር።

"ሰዉ መርፌ ባየ ቁጥር ይሸሻል። ጂን ነው ይላል። እናንተ ያስሸሻችሁትን እናንተ መልሱ። ሁለታችሁም፣ በአካል፣ ከነእቃችሁ። ካልሆነ እቃውን መንግሥት ይወስደዋል።"

ሙስጠፋ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ነበር። "እኔ ዝግጁ ነኝ" አለ።

"አንቺስ?"

ሳጥኑ እንደተቃጠለ እዚያ ላይ መናገር አልቻልኩም። "እኔም" አልኩ።

መጋቢት 12

ሳልነግረው ሊቀር አልቻለም። ሳጥኑን አቅፌ አጥሩን አልፌ ሄድኩ። ሙስጠፋ የመኪናውን ሞተር ከፍቶ እጁ በቅባት ተጨማልቆ ነበር።

"ሳጥኑ አይሠራም" አልኩት። "ማቴዎስ አበላሽቶታል።"

እጁን በጨርቅ ጠረገ። የኋላውን ብረት ፈታ። አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተ። በጣቱ የጠቆረውን ትራንስፎርመር ነካው። ቀና አለ።

"ማን አበራው?"

ነጠላዬን አስተካከልኩ።

"ጡሩምባው እኔ ቤት እያለ ማን አበራው?"

"ማቴዎስ አልኩህ እኮ።"

ሊጮህብኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም። ብረቱን መልሶ እያሰረ፣ ፊቱን ሳያነሣ፣ "ባትሪው ሊያልቅ እንደቀረበ አውቅ ነበር" አለ። "ሳልሞላው ነው የሰጠሁት። ሾኔም ሥራ አልነበረኝም።"

ይህን ለምን ነገረኝ? እኔም የራሴን እንድነግረው? አልነገርኩትም። ሳጥኑን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

መጋቢት 20

ሙስጠፋ ሳጥኑን አዲስ አበባ ወስዶ አሠራው። የተቃጠለውን የትራንስፎርመር መዳብ አውጥተው በአዲስ ጠመጠሙለት። ማን እንደጠመጠመው፣ ምን እንዳለው አልነገረኝም። ሳጥኑን በሬ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ፋጡማ መኪያን ይዛ ተመልሳለች። መኪያን ከሩቅ አየኋት። ፊቷ ተቦድሷል፤ አንድ ዓይንዋ ነጭ ጣል አድርጎበታል። እኔን ስታይ እንደ ድሮዋ ልትሮጥ ነበር። ፋጡማ ክንዷን ያዘቻት።

መጋቢት 23

ግቢ ውስጥ ሞከርነው። እንዲህ ነበር ንግግራችን፦

"ሽቦው የት አለ?"

"ያው።"

"ቀዩን።"

"ገጥሜዋለሁ።"

"መጀመሪያ ጡሩምባው ይገጠም፣ ከዚያ ባትሪው።"

"አውቃለሁ።"

"ካወቅሽ ጥሩ ነው።"

ጥርሴን ነከስኩ። የተጣመመውን ጡሩምባ በመዶሻ አቅንቶታል፤ ግን ትንሽ ይንጣጣል። ድምፁን ዝቅ ብናደርገው ይተዋል አልኩት። ዝቅ ካለ ቦኖሻ ገበያ ላይ ከብት ተራው ድረስ አይሰማም አለ። እንግዲያው የተጎዳውን ቅርብ ወዳለው ሰው፣ ደኅናውን ወደ ሩቁ እናዙር አልኩት። እንዳልኩት አዞረው።

አበራሁ። አምፖሎቹ ቀስ ብለው ጋሉ። ማይክራፎኑን ከጡሩምባዎቹ ኋላ ራቅ አድርጌ ይዤ "አንድ፣ ሁለት" አልኩ።

ግቢው በድምፄ ተሞላ። አማቴ ከቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሀሰን ከሞተ ወዲህ ያ ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም። ሙስጠፋ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሽቦ የሚጠቀልል መሰለ። በእጅጌው ፊቱን ጠረገ። ያላየሁ መስዬ ማጉያውን አጠፋሁት።

ሚያዝያ 5

ነገ ቦኖሻ ነን። በሙስጠፋ መኪና፤ ማቴዎስም ከእኛ ጋር ነው። ፋጡማም እመጣለሁ ብላለች። ለምን እንደምትመጣ አልገባኝም። ሙስጠፋ "እናቷን ልትጠይቅ ነው" አለ። ጠይቄው አልነበረም።

ምን እንደምናገር በሀዲይኛ አዘጋጅቻለሁ። አሁን ቃላቱ ሁሉ የመንግሥት አዋጅ ይመስሉብኛል።

ሚያዝያ 6፣ ማታ

አስቀድሜ የምጽፈው ሥራው መሳካቱን ነው። ማቴዎስ መድኃኒቱ እስኪያልቅበት ከተበ። ያልደረሳቸው ለነገ እዚያው ያድራሉ። ሌላውን ሁሉ ሰው እንደፈለገ ያውራው፤ ይህ ግን ይታወቅ።

ስንደርስ ገበያው ሞልቶ ነበር። ሙስጠፋ ጡሩምባዎቹን ይዞ ትልቁ ዋርካ ላይ ወጣ። አንዱን ወደ እህል ተራው፣ ደኅናውን ወደ ከብት ተራው አዞረ። ሽቦውን በግንዱ አውርዶ ወደ እኔ ወረወረልኝ። እኔ ከዛፉ ኋላ መኪናው ላይ ነበርኩ፤ ሳጥኑ ከፊቴ፣ ባትሪው ከእግሬ ሥር። ባትሪውን ራሱ ሞልቶታል፤ እኔም ዳግመኛ አይቼዋለሁ። ሁሉም በቦታው ነበር። ከሀሰን ጋር እንኳ እንዲህ አጥርተን የገጠምንበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ገና ጡሩምባውን ሲያዩ ሰዎች ማፈግፈግ ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ በዱላቸው እየጠቆሙ "ያ የጮኸው ጂን ተመልሶ መጣ!" አሉ። እናቶች ልጆቻቸውን ከጀርባቸው ደበቁ።

ማይክራፎኑን ያዝኩ። "የቦኖሻ ሰዎች ሆይ" አልኩ። ድምፄ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ፉጨት የለ፣ መንጣጣት የለ። ክትባቱ ከመንግሥት የመጣ ነው፣ ጤና ነው፣ አትፍሩ አልኩ። ያዘጋጀሁትን ሁሉ አልኩ። ሰሙኝ፤ ግን ማንም አልቀረበም። ማቴዎስ መርፌውን ይዞ ብቻውን ቆሞ ነበር። አንዲት ሴት "የማን ልጅ ናት?" ስትል ሰማሁ። ሌላዋ "የሾኔ ናት። ባሏን የበላችው" አለቻት።

ያን ጊዜ ፋጡማ መኪናው ላይ ወጣች። መኪያን አቅፋለች። ማይክራፎኑን ከእጄ ወሰደችው። አልለመነችኝም፤ ወሰደችው።

"ታውቁኛላችሁ" አለች። "ፋጡማ ነኝ፤ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያደግሁ። ይህችን ልጅ እዩአት።" የመኪያን ሻሽ ገለጠች። "ባለፈው ላስከትባት መጥቼ ነበር። ይህ ነገር ሲጮህ እንደ እናንተው ሮጥኩ። መርፌውን ጥዬ ሮጥኩና ይህን ይዤ ተመለስኩ።"

ከፊት የቆሙት ሴቶች አንገታቸውን አስግገው መኪያን አዩ።

"ጂን አልነበረም" አለች። "ዛፉ ላይ ያለውን ሰው ታዩታላችሁ? የዚህች ልጅ አባት ነው። ይህች አጠገቤ ያለችው የአጎቷ ሚስት ናት። በሟች እቃ ተጣሉ። እሱ ግማሹን ላከ፣ እሷ ግማሹን ላከች፤ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ግን አልላኩም። ሁለቱም ያውቁ ነበር። ሁለቱም ቤታቸው ተቀመጡ። ጂን ካላችሁ እነሱን በሉ። መርፌውን ግን አትፍሩት፤ ልጆቻችሁን አምጡ።"

የገበያው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ያን ሁሉ ዓይን በአንድ ጊዜ ተቀብዬ አላውቅም።

ፋጡማ ያለችው ሁሉ ትክክል አይደለም። እኔ ዒዳ ላይ ነበርኩ። ባትሪውም የእኔ አልነበረም። ይህን መልስ ብዬ እዚያው ልናገረው እችል ነበር፤ ማይክራፎኑ ግን በእሷ እጅ ነበር።

በእኔ እጅ የነበረው የድምፁ መዞሪያ ነው። ጣቴ እላዩ ላይ ነበር። ትንሽ ወደ ግራ ባዞረው ኖሮ ንግግሯ አጠገብዋ ላሉት ብቻ ይቀር ነበር፤ ማሽኑ ደከመ ይባል ነበር። ቀና ብዬ ሙስጠፋን አየሁት። ሽቦው በጉልበቱ ላይ ያልፋል፤ ቢነቅለው ማንም አያውቅበትም። እሱም ቁልቁል አየኝ። ጡሩምባው ጆሮው ሥር ስለነበር የሚስቱን ድምፅ ከሁላችንም በላይ የሰማው እሱ ነው።

ከከብት ተራው በኩል አንድ ሰው እጁን አፉ ላይ አድርጎ "አይሰማም! ወዲህ አይሰማም!" ብሎ ጮኸ።

ሙስጠፋ ቅርንጫፉ ላይ ተንፏቅቆ ጡሩምባውን ወደ ሰውዬው አዞረ። እኔ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።